ፍራንክሊኒያ ድናለች ማለት ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ ደህና ችግኝ ሻጭ ዘንድ ገብቶ ፍራንክሊኒያ የምትባለውን ዛፍ የጠየቀ ሰው፣ ዋጋው ይወደድበት ይሆናል እንጂ ብዙ ሳይደክም ያገኛታል። በኢንተርኔት አዝዞ ቤቱ ድረስ ማስመጣትም ይችላል። ይህችው ዛፍ ግን በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ የሰፈረችው «በዱር የጠፋች» ተብላ ነው። ማንም ሳይተክላት በራሷ የበቀለች ፍራንክሊኒያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1803 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ፈላጊ ወደ ቦታው ተመላልሶ ባዶ እጁን ተመልሷል።

«አትክልተኞች አዳኗት» የሚለው የተለመደ አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ውሸት አይደለም። ችግሩ ሥራውን ያለቀለት ማስመሰሉ ነው። የተረፈው ከአንድ ወንዝ ዳር፣ በአንድ ዘመን ተለቅሞ የመጣ የጥቂት ዘር ዝርያ ብቻ ነው። ዛፏ ከእንግዲህ መቆየት አለመቆየቷን የሚወስነውም የዛፎቹ ቁጥር ሳይሆን ችግኞቹ የሚፈሉበት መንገድና የሚተከሉበት አፈር ነው።

ፍራንክሊኒያ የሻይ ቤተሰብ ናት። በጉመሮ ወይም በውሽውሽ የሻይ እርሻ ዳር ሳይለቀም ቆይቶ ያበበ ቁጥቋጦ ያየ ሰው አበባዋን ሲያይ ዝምድናው ወዲያው ይገባዋል። አምስት ነጭ የአበባ ቅጠሎች አሏት፤ መሃል ላይ ጥቅጥቅ ያሉ ወርቃማ ክሮች ይታያሉ። የእሷ አበባ ግን ከሻይ አበባ በጣም ይተልቃል፤ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ቀለል ያለ ጥሩ ሽታም አለው። ቁመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሜትር ነው፤ ሲመቻት እስከ 10 ሜትር ትደርሳለች። በፊላዴልፊያ የምታብበው ሌላው ዛፍ አበባውን ጨርሶ ባረፈበት በኦገስትና በሴፕቴምበር፣ በእኛ ከሐምሌ ማብቂያ እስከ መስከረም ነው። ለዚያ አገር አበሻ እንግዲህ የእንቁጣጣሽ ሰሞን አበባ ናት። ብርዱ ቀደም ብሎ ከገባ ቅጠሏ ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ ሳለ ነጭ አበባዋ አብሮ ይቆያል።

መገኛዋ በጆርጂያ ግዛት የአልተማሃ ወንዝ ዳር፣ ፎርት ባሪንግተን ከሚባለው የድሮ ምሽግ አጠገብ ነበር። የፊላዴልፊያው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆን ባርትራምና ልጁ ዊልያም እዚያ የደረሱት በኦክቶበር 1765 ነው፤ አበባው ስላለፈ ያዩት ቁጥቋጦዎቹን ብቻ ነበር። ዊልያም በ1770ዎቹ ወደ ደቡብ ባደረገው ረጅም ጉዞ ተመልሶ አበባዋን አየ፣ ዘርም ለቀመ። ዘሩ ፊላዴልፊያ ውስጥ በአባቱ አትክልት ቦታ ተዘርቶ በ1781 አበበ። ስሟን ያገኘችው ከአባቱ ወዳጅ ከቤንጃሚን ፍራንክሊንና ከወንዙ ነው፤ ስሙን በ1785 በኅትመት ያወጣው የባርትራሞቹ ዘመድ ሀምፍሪ ማርሻል ነበር። ዊልያም ባርትራም ዛፏን ከዚያ ከሁለትና ሦስት ኤከር ከማይበልጥ ቦታ ውጪ፣ እስከ ሚሲሲፒ ወንዝ ድረስ በተጓዘበት አገር ሁሉ እንዳላያት ጽፏል። በ1803 ጆን ላየን የተባለ ዕፅዋት ሰብሳቢ ቦታው ሲደርስ ጥቂት ዛፎች ብቻ ነበሩ። ከእሱ በኋላ በዱር አየኋት ያለ ተቀባይነት ያገኘ ምስክር የለም።

የጠፋችበትን ምክንያት በተመለከተ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ ጎርፍ ነው፤ አንዱ ሰደድ እሳት ነው፤ ሌላው ለእንግሊዝ ገበያ ችግኝ የሚነቅሉ ነጋዴዎችን ይወቅሳል። በአሜሪካ አትክልተኞች ዘንድ ከሁሉ የሚዘወተረው ግን የጥጥ እርሻ ያመጣው የአፈር በሽታ ጨረሳት የሚለው ነው። «ጥጥ በተዘራበት መሬት ፍራንክሊኒያ አትትከል» የሚል ምክር እስከ ዛሬ ይሰማል። ጊዜው ግን አይገጥምም። በዚያ አገር ጥጥ የተስፋፋው የጥጥ መዳመጫው ማሽን በ1793 ከተፈለሰፈ ወዲህ ነው፤ ዛፏ ደግሞ በ1765ም ከአንዲት ጠባብ ቦታ ውጪ አልነበረችም። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ በሽታ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዛፎች ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጥቂትነት ያወረዳት ግን ከዚያ በፊት የሆነ ነገር ነው።

ይበልጥ የሚያሳምነው አትክልተኞች በየዓመቱ በዓይናቸው የሚያዩት ነገር ነው። ፍራንክሊኒያ ከተወለደችበት ከሞቃታማው ጆርጂያ ይልቅ በፊላዴልፊያና በቦስተን ይሻላታል። በቦስተን የሚገኘው የአርኖልድ አርቦሬተም የተባለው የዛፎች ማጥኛ አትክልት ቦታ ከ1905 ጀምሮ ያሉ ዛፎች አሉት፤ ያንን ሁሉ ክረምትና በረዶ ችለው በየዓመቱ ያብባሉ። የደቡብ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሥሯ በስብሶ ትሞታለች። ስለዚህ ብዙዎች የሚገምቱት በበረዶ ዘመን ቅዝቃዜውን ሽሽት ወደ ደቡብ የወረደች፣ አየሩ ሲሞቅ ወደ ሰሜን መመለሻ ያጣች ዛፍ እንደሆነች ነው። ይህ ግምት ትክክል ከሆነ ባርትራሞቹ የደረሱት ራሷ እየከሰመች ባለችበት ሰዓት ነው። ግምቱ ከታሪክነት አልፎ ተግባራዊ ትርጉም አለው፤ ዛፏን «ወደ አገሯ እንመልሳት» የሚለው ሐሳብ የሚወድቀውም የሚቆመውም በእሱ ላይ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ፍራንክሊኒያዎች በሙሉ ከባርትራም ስብስብ የወረዱ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ፊላዴልፊያ ውስጥ በስኩልኪል ወንዝ ዳር ዛሬም ለጎብኚ ክፍት የሆነው የባርትራም አትክልት ቦታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ባካሄደው ቆጠራ ከ2,000 የሚበልጡ ዛፎች ተመዝግበዋል። ቁጥሩ ደስ ያሰኛል፣ ያዘናጋልም። ከቅርንጫፍ ቁራጭ የፈላ ችግኝ የእናቱ ግልባጭ ነው። አንድ ትልቅ ችግኝ ጣቢያ ከአንዲት ዛፍ አምስት መቶ ቁራጭ ቆርጦ ቢሸጥ በየጓሮው የቆመው አምስት መቶ ዛፍ ለዘረመል ብዝኃነት አንድ ዛፍ ነው። በሽታ ሲመጣ አንዷን የገደለ ሁሉንም ይገድላል። ነጋዴው ቁራጭ የሚመርጠው በቂ ምክንያት ይዞ ነው፤ ፈጥኖ ይደርስለታል፣ መጠኑም እኩል ይወጣለታል። ዝርያውን የሚያቆየው ግን ከዘር የሚወጣው፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰለው ችግኝ ነው።

ዘሩን ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። የዘንድሮ አበባ ፍሬው የሚበስለው በሚቀጥለው ዓመት መከር ላይ ስለሆነ አንዲት ዛፍ ላይ የአምናው ፍሬና የዘንድሮው አበባ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ፍሬው እንደ ትንሽ የእንጨት ኳስ ክብና ጠንካራ ነው፤ ስፋቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አከፋፈቱ ሌላ ዛፍ ላይ እምብዛም አይገኝም። ከጫፉ ወደ ታች አምስት ስንጥቅ ይወርዳል፣ ከግርጌው ወደ ላይ ደግሞ ሌላ አምስት ስንጥቅ በመሃል በመሃሉ ይወጣል፤ ሁለቱ ተጠላልፈው ዙሪያውን የመጋዝ ጥርስ ያስመስሉታል። መለቀም ያለበት ቡናማ ሆኖ ስንጥቁ መታየት ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት ከተለቀመ ዘሩ አልበሰለም፤ ከዘገየ ነፋሱ በትኖታል።

የተለቀመው ፍሬ በወረቀት ከረጢት ተደርጎ ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ሲቆይ ይከፈታል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዘሩን እንደ ጤፍ ወይም እንደ ጎመን ዘር አድርቆ ለጸደይ ያስቀምጠዋል። የፍራንክሊኒያ ዘር ሲደርቅ የመብቀል አቅሙን በፍጥነት ያጣል፤ ከወጣ በቀናት ውስጥ መዘራት አለበት። ግድ ካልሆነ በስተቀር አይቆይ፤ ግድ ከሆነ እርጥብ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ የሣር ዓይነት) ውስጥ ተደርጎ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሳምንት ይቀመጣል። ስለዚህም የደረቀና የቀዘቀዘ ዘር በሚያከማች በተለመደው የዘር ባንክ ላይ ለዚህች ዛፍ መተማመን አይቻልም። እኛም በቡና የገጠመን ተመሳሳይ ነገር ነው። የቡና ዘር ደርቆና ቀዝቅዞ ረጅም ዘመን ስለማይቆይ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጅማ ዞን ጮጬ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎችን በቁማቸው፣ ዛፍ አድርጎ ነው የሚጠብቃቸው። የፍራንክሊኒያም ባንክ መሬት ላይ የቆመ ዛፍ ነው። ልዩነቱ የእሷ ባንክ በሺህ ሰው ጓሮ ተበታትኖ ባለቤትም ቋሚ መዝገብም የሌለው መሆኑ ነው።

መዝሪያው እኩል ፒት ሞስና ፐርላይት (ነጭ ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ነው። የጓሮ አፈር ወይም ያልበሰለ ኮምፖስት አይገባበትም፤ ሁለቱም በሽታ ይዘው ይመጣሉ። ዘሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሸፈናል፤ ሙቀቱ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይሆናል። ከሥሩ ውሃ የሚቋጥር ሳሕን አይደረግለትም። ቡቃያው በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ግንዱ መሬቱ ጋ ቀጥኖና ጠቁሮ ከወደቀ ምክንያቱ ከመጠን ያለፈ ውሃና ያልተዘዋወረ አየር ነው፤ መድኃኒት ከመፈለግ ክዳኑን ማንሳትና ውሃውን መቀነስ ይቀድማል። ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ያወጣ ቡቃያ ለየብቻው ወደ ትንሽ ማሰሮ ይዛወራል፤ የመጀመሪያውን ክረምት በረዶ በማይነካው ቦታ ያሳልፋል። ከዘር የመጣ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ያብባል።

ቁራጭ የሚፈልግ በጁንና በጁላይ የዘንድሮውን ለጋ ቅርንጫፍ፣ ሲታጠፍ ትንሽ መጠንከር ሲጀምር፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይቆርጣል። የታችኛው ቅጠል ይረገፋል፤ የቀረውም ትልቅ ከሆነ ግማሹ ይቆረጣል። ጫፉ በሊትር 1 ግራም ኢንዶል ቡታይሪክ አሲድ የተባለ ሥር አስወጪ ሆርሞን ባለበት ውህድ ለአፍታ ተነክሮ ፐርላይት የበዛበት መደብ ላይ ይተከላል፤ እርጥበቱ በፕላስቲክ ክዳን ይያዛል፣ ፀሐይ በቀጥታ አያገኘውም። ሥር ካወጣ በኋላ እስከ ጸደይ ባለበት ይቆይ እንጂ በመከር አይነቀል። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ደግሞ የታችኛውን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ቆዳውን በትንሹ ጭሮ አፈር ማልበስና ድንጋይ መጫን ነው፤ ዓመት ሲሞላ የራሱን ሥር ይዞ ይቆረጣል። የዚህች ዛፍ ቅርንጫፍ መሬት ሲነካ በራሱም ሥር ያወጣል።

ችግኙ በየትኛውም መንገድ ይፈላ፣ ገዳዩ አንድ ነው። ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል አፈር ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ሕዋስ ነው፤ በዓለም ዙሪያ የአቮካዶን ሥር የሚያበሰብሰው ያው ነው። እውነተኛ ፈንገስ ስላልሆነ የተለመደው የፈንገስ መድኃኒት አይነካውም። የሚራባበት ረቂቅ ዘሩ በውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ አፈር ውስጥ ለአንድ ቀን የቆመ ውሃ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ለመሻገር ይበቃዋል። ምልክቱ አታላይ ነው። በሐምሌ ሙቀት ቅጠሉ ጠውልጎ ሲንጠለጠል ባለቤቱ የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምራል፤ ያ ውሃ የበሽታው መንገድ ነው። መጀመሪያ ጣት ሰዶ አፈሩን መንካት ይገባል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ጥፋቱ ከሥር ነው። ቀጭኗን ሥር በሁለት ጣት ይዞ ሲስቡ ላይኛው ቆዳ ተሸልቶ እጅ ላይ ቀርቶ መሃሉ እንደ ክር ብቻውን ከወጣ፣ ከግንዱ ግርጌ ቆዳ ሥርም ቀላ ያለ ቡናማ ጠባሳ ከታየ፣ ያቺ ዛፍ እምብዛም አትተርፍም። ፎስፎረስ አሲድ ያለባቸው መድኃኒቶች በሽታውን ያዳክሙታል፣ አፈሩን ግን አያጸዱትም። በዚያው ጉድጓድ ሌላ ፍራንክሊኒያ መትከል ችግኝ ማባከን ነው።

ስለዚህ ጦርነቱ የሚሸነፈውም የሚረታውም በተከላ ቀን ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት አካባቢ ቀዩ የሸክላ አፈር የተለመደ ነው፤ እዚያ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በኮምፖስት መሙላት በመልካም ሐሳብ የሚሠራ ስህተት ነው። ዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ ስለሆነ ጉድጓዱ ከታች ያልተበሳ ባልዲ ይሆናል፤ ዝናቡ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ከመትከል በፊት ጉድጓዱን በውሃ ሞልቶ ሰዓት መያዝ ይሻላል፤ በማግስቱም ውሃው ካልሰረገ ቦታው አይሆንም፣ ወይም ከመሬቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሠራል። የጉድጓዱ ስፋት ከሥሩ ኳስ ሁለት ሦስት እጥፍ፣ ጥልቀቱ ከኳሱ የማይበልጥ ይሁን፤ የሥሩ አንገት እንዳይቀበር። ጠዋት ፀሐይ ከሰዓት ጥላ የሚያገኝ ዘንበል ያለ ቦታ ከሁሉ ይሻላል። ጉዝጓዙ፣ የጥድ ቅጠል ወይም የግንድ ቅርፊት፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይልበስ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ሥሯ ተነቅሎ መዛወርን ስለማይወድ ትልቅ ዛፍ ከመግዛት ትንሽ ችግኝ ገዝቶ አንዴ መትከል ያዋጣል።

አፈሩ አሲዳማ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 እስከ 6 መሆን አለበት። እዚህ አገራችን ገበሬው ኖራ እየበተነ የሚታገለውን አሲድ እሷ ትፈልገዋለች። የአሜሪካ መንደሮች ሣር ላይ በየዓመቱ ኖራ ይበተናል፤ ከሣሩ ዳር የተተከለች ፍራንክሊኒያ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት መውሰድ አቅቷታል ማለት ነው። የአፈር ምርመራ ከማዳበሪያ ይቅደም።

በቅርብ ዓመታት የመጣው ሌላው ጉዳይ ድቅል ነው። በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ራኒ የተባሉ አዳቃይ ፍራንክሊኒያን ከሁለት ዘመዶቿ ጋር አዳቅለው ሁለት አዲስ ዛፎች አውጥተዋል። አንደኛው ከጎርዶኒያ የተወለደው ጎርድሊኒያ፣ ሌላው ከእስያው ሺማ የተወለደው ሺምሊኒያ ነው። ፈጥነው ያድጋሉ፣ ቅጠላቸውም ቶሎ አይረግፍም፤ ለጓሮ ውበት የሚነቀፉ አይደሉም። ክፉው ነገር ሻጭና ገዢ ከእናቲቱ ጋር ሲያምታቷቸው ነው። ጎርዶኒያ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስትሆን አበባዋ በረጅም ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ንጹሕ ፍራንክሊኒያ በመከር ቅጠሏን ሙሉ በሙሉ ታረግፋለች፣ አበባዋም ከቅርንጫፉ ላይ ያለ ዘንግ የተጣበቀ ያህል ነው። ክረምቱን ቅጠሏን ይዛ የምትቆይ «ፍራንክሊኒያ» ድቅል የመሆኗ ነገር ያመዝናል።

ወደ አልተማሃ ትመለስ የሚለውስ? በስሜት የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የኢስተር ደሴት ቶሮሚሮ መልሱን ከወዲሁ ያሳየች ይመስለናል። ቶሮሚሮ ቢጫ አበባ ያላት የደሴቷ ዛፍ ነበረች። በራኖ ካው እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ዛፍ በ1960 ገደማ ጠፋች፤ የኖርዌዩ አሳሽ የቶር ሄየርዳል ጉዞ በ1950ዎቹ አጋማሽ የለቀመው ዘር ግን ስዊድን ውስጥ በጎተንበርግ ከተማ አትክልት ቦታ በቅሎ ዝርያው ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ወደ ደሴቷ ለመመለስ የተደረጉት ሙከራዎች በተደጋጋሚ ከሽፈዋል። ዛፏ ብትኖርም ያሳደጋት አፈር፣ ከሥሯ ጋር የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት፣ ጥላዋ የነበሩት ሌሎች ዛፎች አብረው ሄደዋል። ለፍራንክሊኒያ የሚብሰው ደግሞ የጠፋችበት ምክንያት ራሱ አለመታወቁ ነው። ሌላም አለ፤ ፋይቶፍቶራ በችግኝ ጣቢያ ማሰሮ አፈር ውስጥ ተሸሽጎ እንደሚጓዝ የታወቀ ነው። የተበከለች አንዲት ፍራንክሊኒያ ወደ ወንዙ ሸለቆ ብትወሰድ እዚያ በሕይወት ያሉትን እንደ ጆርጂያ ፕሉም ያሉ ብርቅ ዕፅዋት ለአደጋ ታጋልጣለች። አሁን ባለው ዕውቀት ችግኙን ወደ ሸለቆው ከመውሰድ ይልቅ ቀዝቀዝ ባለው ሰሜን፣ ከዘር የወጡ ዛፎችን በቡድን መትከል የተሻለ ሥራ ነው።

ይህን ለማድረግ ተቋም መሆን አያስፈልግም። የሚገዛ ሰው ሻጩን «ከዘር ናት ወይስ ከቁራጭ? እናቷ የት ናት?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚመልስለት ካገኘ ከእሱ ይግዛ። ሁለት ችግኝ መትከል የሚችል ከሁለት የተለያየ ቦታ ይግዛቸው፤ ንብ ብናኙን ስታመላልስ የሚወጣው ዘር የተቀላቀለ ይሆናል። ችግኙ ሲመጣ ከማሰሮው አውጥቶ ሥሩን ማየት ነውር አይደለም፤ ጤነኛ የሥር ጫፍ ነጭና ጥብቅ ነው፣ ቡናማና ልምጥምጥ ከሆነ ይመለስ። ከተተከለች በኋላም የተገዛችበት ቦታ፣ የእናቷ ቦታ፣ ዘር ወይም ቁራጭ መሆኗና ዓመቱ በአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ተጽፎ ቅርንጫፏ ላይ ላላ ብሎ ይታሰር። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን፤ የብዕር ቀለም በሁለት በጋ ፀሐይ ይጠፋል።